እሸት ቡና ጀንፈል ሲሆን ክላሱ ምን ይሆናል? ኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግን እንዴት ተማራችሁት?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከጅማ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ዛሬ ለቡና ሰብሳቢ ማኅበራትና ለአነስተኛ ነጋዴዎች የመዝገብ ፕሮግራም እሠራለሁ። የተማርኩበትን ቦታ ስም አልጠራም፤ ቅሬታዬ ከአንድ ግቢ ጋር ሳይሆን ኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ (ፕሮግራምን መረጃንና ሥራውን አንድ ላይ ከያዙ፣ ኦብጀክት ከሚባሉ ክፍሎች መገንባት) በብዙ ቦታ ከሚሰጥበት መንገድ ጋር ነው።

ለእኔ ትምህርቱ የጀመረው በውሻ ነበር። እንስሳ የሚባል ክላስ (ኦብጀክቶች የሚፈጠሩበት ንድፍ) ተጻፈ፤ ውሻና ድመት ከእርሱ ወረሱ፤ ድምፅ እንዲያሰሙ ሲታዘዙ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጮኹ። ቀጥሎ አራት ቃላት ሰሌዳው ላይ ሰፈሩ፤ ኢንካፕሱሌሽን (ውስጡን ከውጭ መሸሸግ)፣ አብስትራክሽን (ዝርዝሩን ትቶ ዋናውን መያዝ)፣ ኢንሄሪታንስ (አንዱ ክላስ ከሌላው መውረሱ)፣ ፖሊሞርፊዝም (ለአንድ ትእዛዝ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ መመለሱ)። የአራቱንም ትርጉም በቃሌ ያዝኩ፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አለፍኩ።

ከተመረቅሁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ከጅማ ብዙም ለማይርቅ የገበሬዎች ማኅበር የቡና ርክክብ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ቡና የሚል ክላስ ጻፍኩ። ከእርሱ እሸት (ትኩስ የተለቀመ)፣ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ) እና ቅሽር (ገለባው የተነሣለት) የሚባሉ ሦስት ልጆች አወጣሁ። ሥዕሉ ያምር ነበር፤ ልክ እንደ ውሻውና እንደ ድመቱ። ጥቅምት ላይ ለቀማው ተጀመረ፣ ገበሬዎቹ ቀይ እሸት ይዘው መጡ፣ ፕሮግራሙም መዘገበ። ኅዳር ሲጋመስ በጥቅምት የተረከብነው እሸት በማድረቂያ አልጋ ላይ ደርቆ ጀንፈል ሆነ። ፕሮግራሜ ግን ይህን አያውቅም። በጃቫ ቋንቋ አንድ ኦብጀክት እሸት ሆኖ ከተፈጠረ እሸት ሆኖ ይኖራል እንጂ ጀንፈል ሊሆን አይችልም። ስለዚህ እሸቱን ሰርዞ በምትኩ አዲስ ጀንፈል የሚፈጥር ኮድ ጻፍኩ። የገበሬው ስም፣ የርክክቡ ቀንና የተመዘነው ኪሎ ከተሰረዘው እሸት ጋር አብረው ጠፉ።

ሁለተኛው ክፍያ ሲደርስ የማን ቡና የትኛው እንደሆነ መዝገቡ መናገር አልቻለም። መጋዘን ጠባቂው በደብተር ጽፎ ባይዝ ኖሮ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ከደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ ሦስት ሌሊት አደርን። አሥራ አንድ ፈረሱላ ያስረከቡ አንድ አባት ሁለት ቀን ሙሉ ደጅ ጠኑ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስሕተቴን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ደረጃን ዘር አድርጌ ጽፌ ነበር። እሸትነት ቡናው የሚያልፍበት ጊዜ ነው፤ ዘሩ አይደለም። ሕፃንና ሽማግሌ ሁለት ዓይነት ፍጥረት አይደሉም፣ አንድ ሰው ነው። የውሻው ምሳሌ ይህን ሊያስተምረኝ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ውሻ ውሻ ሆኖ ተወልዶ ውሻ ሆኖ ይሞታል። ሶፍትዌር ውስጥ የሚያስቸግረን ደግሞ የሚለወጠው ነገር ነው። የማይለወጥ ነገር እያሳየን የለውጥን ጥበብ እናስተምራለን የምንለው ስለምንድን ነው? እናንተስ እንዴት ተማራችሁት? ለሌላ ብታስተምሩ ከምን ትጀምራላችሁ?

*

ክሩ (ይህ የመድረክ ውይይት) በአምስት ቀን ውስጥ 26 መልስ አግኝቷል። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲረዳ መልሶቹን በየተራቸው እተርካለሁ። ስም አልጠራም፤ በቁጥር ብቻ።

መልስ 1 በትሕትና የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ ከእኔ ጋር ትስማማለች። የእርሷ ውሻ ተሽከርካሪ እንደነበረ፣ መኪናና ብስክሌት ከእርሱ ይወርሱ እንደነበር፣ ከትምህርቱ በኋላ ግን አንድም ቀን ተሽከርካሪ የሚባል ክላስ ጽፋ እንደማታውቅ ነገረችን።

መልስ 2 አረመኝ። ኢንሄሪታንስ በራሱ ጥፋት እንደሌለበት፣ በደንብ ከተያዘ ብዙ ድካም እንደሚያስቀር፣ የእኔ ችግር መሣሪያውን ያለ ቦታው መጠቀሜ እንደሆነ አስረዳ። መቼ ትክክል እንደሚሆን ግን አልነገረንም። ኢንተርፌስ (ክላሱ ምን መሥራት እንዳለበት ብቻ የሚናገር ውል) ሞክሬ እንደሆነም ጠየቀኝ። በመልስ 3 ያኔ ኢንተርፌስን በትርጉሙ እንጂ በጥቅሙ እንደማላውቀው መለስኩለት።

መልስ 4 የመጣው ዕድሜያቸው ገፋ ካሉ ሰው ነው፤ ጋሼ እያልን የቀጠልነውም ስለዚህ ነው። ክላስ የሚባለው ነገር ከእንስሳት መደብ እንዳልተወለደ አስታወሱን። በኦስሎ በኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ኦሌ ዮሐን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ የሠሩት የገሃዱን ዓለም እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ለማስመሰል ነበር። ወረፋ እንዴት ይረዝማል፣ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ምን ይሆናል የሚለውን ማየት ፈልገው ነው። ክላስንና ንዑስ ክላስን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ሲሙላ 67 ነው። ስለዚህ ኦብጀክት ገና ከመነሻው በጊዜ ውስጥ የሚኖር፣ የሚጠብቅ፣ የሚቀበልና የሚያስረክብ ነገር ነበር። ጋሼ እንዳሉት እኛ ጋ ሲደርስ ጊዜው ወልቆ መደቡ ብቻ ቀረ። ብያርኔ ስትሮስትሩፕም ሲሙላን ተጠቅሞ አደረጃጀቱን ወድዶት፣ ዝግታው ግን አስቸግሮት እ.ኤ.አ. በ1979 በሲ ቋንቋ ላይ ክላስ መጨመር እንደጀመረ፣ ያ ሥራ በ1983 ሲ ፕላስ ፕላስ የሚለውን ስም እንዳገኘ ጨመሩበት።

ይህን መልስ ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የእኔ ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚያደርገው ጉዞ እኮ ኦስሎ ላይ ከታሰበው ነገር ጋር አንድ ነው! ይህን ታሪክ በሁለተኛ ዓመት የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥያቄዬ ስለ ዝምድና ሳይሆን ስለ ጉዞ ይሆን ነበር።

መልስ 5 ጋሼን በአክብሮት አስተካከላቸው። ኦብጀክት ተኮር የሚለውን ስያሜ ያወጣው አለን ኬይ እንደሆነ፣ እርሱም ሒሳብና ሞለኪውላዊ ሥነ ሕይወት የተማረ ሰው በመሆኑ ኦብጀክትን እንደ ሕዋስ ይመለከት እንደነበር ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል በተሠራው ስሞልቶክ ውስጥ ዋናው ቁም ነገር ኦብጀክቶች እርስ በርስ የሚላላኩት መልእክት ነው። ኬይ ራሱ ኦብጀክት የሚለው ቃል የሰዎችን ዓይን ከመልእክቱ ወደ ዕቃው በማዞሩ በኋላ እንደተጸጸተም አክሏል። ጋሼ በመልስ 6 እርማቱን በምስጋና ተቀበሉ። በዕድሜም በዕውቀትም ከፍ ያሉ ሰው እንዲህ ሲያደርጉ ማየት ለክሩ በረከት ነበር።

መልስ 7 ድምፁን ቀየረው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና እንደሚወስድ አስታውሶ፣ ስለ ኦስሎ ወረፋ ማወቅ ለተማሪው ነጥብ እንደማይሆነው፣ አራቱን ቃላት ማጥናት ግን እንደሚያሳልፈው በቁጣ ጻፈ። ተመርቆ ሥራ የያዘ ሰው ስለ ጥልቀት ማውራት እንደሚቀለው፣ ገና ፈተና ፊት የቆመ ልጅ ግን እንዲህ ዓይነት ምቾት እንደሌለው ነገረኝ። ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። የእኔ መልስ አጭር ነበር፤ ፈተናውን ለማለፍ አራቱን ቃላት ማጥናትና ቡናው ሲደርቅ ምን እንደሚሆን መጠየቅ እርስ በርስ አይጣሉም። ጥያቄውን አንድ ጊዜ የጠየቀ ትርጉሙን አይረሳውም።

መልስ 8 የአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። እርሷም የምትማረው ጅማ ነው፤ የትምህርት ቤቷን ስም አልጻፈችም። ለአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሆነው እንደሚቀመጡ፣ መብራት ሲጠፋ ኮዱን በወረቀት እንደሚጽፉ፣ ይህ ግን እንደማያማርራት ገለጸች። የሚያማርራት ሌላ ነው። ዳታውን ፕራይቬት (ከክላሱ ውጭ የማይነካ) አድርጉ ይባላሉ፤ ወዲያው ለእያንዳንዱ ጌተርና ሴተር ጻፉ ይባላሉ። ማንም ሰው በጌተር ሊያየው በሴተርም ሊለውጠው ከቻለ መጀመሪያውኑ የተደበቀው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ በሆዱ ይዞት ይመረቃል። እርሷ አውጥታ ጠየቀች።

መልስ 9 ለእርሷ የተጻፈ ረጅም ማብራሪያ ሲሆን፣ በእኔ ሚዛን ከክሩ ሁሉ ይበልጣል። ጸሐፊው ራሳቸው መምህር ናቸው። ሁሉን ነገር ፕራይቬት አድርጎ ለሁሉም ጌተርና ሴተር መጻፍ በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ እንደ ማንጠልጠል መሆኑን በግልጽ አመኑላት። መደበቅ ያለበት ውሳኔው እንደሆነም አስረዱ። ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ፕሮግራምን በሥራው ቅደም ተከተል ከመከፋፈል ይልቅ፣ ነገ ሊለወጡ የሚችሉ ውሳኔዎችን ለይቶ እያንዳንዱን በአንድ ክፍል ውስጥ መሸሸግ እንደሚሻል አሳይቷል። ከዚያ ምሳሌውን ወደ ቡና መለሱት። ነጋዴው በፈረሱላ ይናገራል፤ ሚዛኑ በኪሎ ያነባል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ክብደት የሚባል ክላስ ቁጥሩን በውስጡ በምን እንደሚይዝ ለማንም ሳይናገር፣ ስንት ፈረሱላ ነህ ሲባል በፈረሱላ፣ ስንት ኪሎ ነህ ሲባል በኪሎ ይመልሳል። እንዲህ ካልተደረገ 17 የሚለው ቁጥር በፕሮግራሙ ውስጥ አርባ ቦታ ይበተናል፤ አንዱ ቦታ ላይ 16 ተብሎ በስሕተት የተጻፈ ቀን የገበሬ ገንዘብ ይጎድላል። ፕራይቬት የሚለው ቃል የተፈጠረው ያ እንዳይሆን ነው።

ተማሪዋ እዚያው ሥር አመስግናቸዋለች። እኔም በልቤ አመሰገንኳቸው፤ የራሴን ፕሮግራም ከፍቼ 17ን ስፈልግ ዘጠኝ ቦታ አገኘሁት።

መልስ 10 በእርሱ አካባቢ ሰው በኩንታል እንደሚገበያይ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ነው።

መልስ 11 ላይ ሰይፍ ተመዘዘ። ጸሐፊው የራሴን ድክመት በመምህራን ላይ እንደጫንኩ በቀጥታ ነገረኝ። የዳታቤዝ ትምህርት የወሰደ ማንኛውም ልጅ በሠንጠረዡ ላይ ደረጃ የሚል አንድ ዓምድ ጨምሮ ነገሩን እንደሚጨርሰው፣ ሦስት ሌሊት ማደር እንደማያስፈልገው ጻፈ። ኦብጀክት ተኮር የሚባለው ነገር ከሚገባው በላይ እንደተወራለት፣ ጎና ረስት የተባሉት አዳዲስ ቋንቋዎች የክላስ ኢንሄሪታንስን ጨርሶ እንዳላስገቡት፣ እኛ ግን ሌላው ዓለም የተወውን እንደምናመልክ አከለበት። መልስ 12 እኔን ደግፎ ተነሣ፤ ሆኖም ድጋፉ ከስድቡ አልተሻለም፤ 11 ቃሉን እንዲመርጥ እያሳሰበ የራሱን ቃል አልመረጠም። በመልስ 13 ሰውየው ብሶ ተመለሰ። በመልስ 14 የመድረኩ አስተናጋጅ ሁለቱንም በትዕግሥት ለመነ።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልሸሽግ ልናገር። 11 አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ነጥቡ ግን እውነት አለው። ደረጃ የሚል ዓምድ ቢኖረኝ ኖሮ እኚያ አባት ደጅ ባልጠኑ ነበር። ነገር ግን ዓምዱ የነገሩ ግማሽ ነው። እሸት ሳይበላሽ በዚያው ዕለት መፈልፈል ወይም አልጋ ላይ መሰጣት አለበት። ጀንፈል ግን በመጋዘን መቆየት ይችላል። ቅሽር ደግሞ ዋጋው በጥራቱ ይወሰናል። ደንቡ በየደረጃው ስለሚለያይ ዓምዱን ብቻ የያዘ ሰው በክፍያው፣ በመጋዘኑ፣ በሪፖርቱ፣ በየሄደበት ሁሉ እሸት ከሆነ፣ ጀንፈል ከሆነ፣ ቅሽር ከሆነ እያለ ሲጽፍ ይኖራል።

መልስ 15 ይህንኑ ክፍተት ሞላው። ርክክቡ አንድ ኦብጀክት ሆኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሰረዝ ይኖራል፤ የገበሬው ስም፣ ቀኑና ኪሎው ከእርሱ አይለዩም። በውስጡ ግን የደረጃውን ደንብ የሚያውቅ ሌላ ትንሽ ኦብጀክት ይይዛል። ቡናው ሲደርቅ ርክክቡ አይነካም፤ በውስጡ ያለው የእሸት ደንብ ወጥቶ የጀንፈል ደንብ ይገባል። ዋጋ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ርክክቡ ጥያቄውን ለያዘው ደንብ ያስተላልፋል። ፖሊሞርፊዝም ማለት በተግባር ይህ መሆኑን፣ አራት ደራሲዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ከሰበሰቧቸው 23 የዲዛይን ንድፎች አንዱም ይኸው መሆኑን አስረዳ። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ እየወደቅሁ እየተነሣሁ የደረስኩበትን ይህ ሰው በአሥር መስመር ጻፈው።

መልስ 16 ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ። አራቱን ቃላት በቃል ያጠና ትውልድ አሁን ደግሞ 23ቱን ንድፎች በቃሉ እንዳያጠና ሰጋ። ምክሩ በአንድ ዓምድ መጀመር ነው፤ ያው ከሆነ የሚለው ጥያቄ በሦስተኛ ቦታ ሲደገም የታየ ዕለት ብቻ ደንቡን አውጥቶ ለብቻው ክላስ መስጠት። ከ15 ይልቅ ከ16 ጋር እቆማለሁ። የ15 መፍትሔ ትክክል ነው፤ ተማሪ ግን ሕመሙን ሳያውቅ መድኃኒቱን ቢውጥ ለምን እንደዋጠው አይገባውም።

ከ17 እስከ 20 ያለው ከመንገድ ወጣ። 17 ጃቫ የሚለው ስም ከቡና እንደመጣ አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጄምስ ጎስሊንግና ባልደረቦቹ በሰን ማይክሮሲስተምስ ሥራውን ሲጀምሩ ቋንቋውን ከቢሮው ውጭ በቆመ ዛፍ ስም ኦክ ብለውት ነበር፤ ስሙ በሌላ የንግድ ምልክት ተይዞ ስላገኙት በ1995 በጃቫ ቡና ስም ይፋ አደረጉት። ተማሪዎች በየቀኑ የሚፈጥሩት የክላስ ፋይልም የመጀመሪያ አራት ባይቶቹ በአሥራ ስድስትዮሽ ሲነበቡ ካፌ ቤብ የሚል ቃል ይሰጣሉ፤ በተለመደው አሥርዮሽ 3405691582 ማለት ነው። ከዚያ ጸሐፊው ቡና ከእኛ ደን ወደ የመን ተሻግሮ በኋላም በሆላንዶች እጅ ጃቫ ደሴት እንደደረሰ አስታውሶ፣ የጅማ ልጅ ጃቫን ሲማር የራሱን ዕቃ በባዕድ ስም እየተቀበለ እንደሆነ በስሜት ጻፈ። ልቤን ነክቶኛል።

18 የአጋሮ ሰው ነው፤ ቡና መጀመሪያ የተገኘው በጎማ ወረዳ ጮጬ እንደሆነ ሳይነሣ መታለፉ አስቆጣው። 19 ከቦንጋ ነው፤ ኮፊ የሚለው የቡና ስም ራሱ ከፋን እንደሚመሰክር፣ ማኪራ የሚባለውን ቦታ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ስለ ቡና ባይናገር እንደሚሻል መለሰ። 20 ሁለቱንም ሊያስታርቅ ገብቶ ሁለቱንም አስቀየመ። ጉዳዩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሁለቱም አገር ሰው በእውነት ይወደዋል። በሌላ ክር እንዲቀጥሉ ጠየቅኋቸው።

መልስ 21 ወደ ቤታችን መለሰን። ጸሐፊዋ በአንድ ማሠልጠኛ የምታስተምር ናት፤ ጥያቄዬን በቀጥታ የመለሰችልኝም እርሷ ብቻ ናት፤ ከምን ትጀምራላችሁ ብዬ ነበርና። የምትጀምረው ከካርድ ነው። ዘዴውን ኬንት ቤክና ዋርድ ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት ሲሆን ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር ምንም አይጠይቅም። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የክላሱ ስም፣ ኃላፊነቱና የሚተባበሩት ሌሎች ክላሶች ይጻፋሉ። እርሷ ዘንድ ካርዱን የያዘው ተማሪ ራሱ ኦብጀክቱን ይሆናል። አንዱ ሚዛን፣ አንዱ ርክክብ፣ አንዷ ገበሬ፣ አንዷ ገንዘብ ያዥ፣ አንዱ መጋዘን። ሕጉ አንድ ነው፤ የሌላውን ካርድ ማየት ክልክል ነው፤ መጠየቅ ብቻ ይቻላል።

ከዚያ የሆነውን በዝርዝር ጻፈችልን። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ሰው ሚዛንን ይጠይቅ ነበር። ገንዘብ ያዥዋ ዋጋውን ሚዛንን ጠየቀች፤ መጋዘኑ የገበሬውን ስም ሚዛንን ጠየቀ፤ ሚዛን የሆነው ልጅ ላብ አጠመቀው፣ ካርዱም በጽሑፍ ሞልቶ ወደ ጀርባው ተሻገረ። ማንም ሳይነግራቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው ሥራው ያለ አግባብ በአንድ ሰው ላይ እንደወደቀ አዩ፤ ቁጭ ብለውም አከፋፈሉት። አንድ ክላስ ብዙ ሲሸከም ምን እንደሚመስል በዓይናቸው አይተዋልና ከእንግዲህ ትርጉሙን በቃል ማጥናት አያስፈልጋቸውም። በሁለተኛው ቀን መምህርቷ ቡናው ደርቋል ብላ አወጀች፤ ርክክብን የያዘው ልጅም ካርዱን ይቀደድ ወይስ ይታረም ብሎ ጠየቀ። እኔ በኅዳር ወር የቀደድኩትን ካርድ ያ ልጅ ከመቅደዱ በፊት ጠየቀበት። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መብራት በሌለበት፣ ኮምፒውተር ለሦስት በሆነበት ክፍል እንኳ ይህ መደረግ ይችላል።

መልስ 22 መልስ 2 በእንጥልጥል የተወውን አነሣ፤ ታዲያ ኢንሄሪታንስ የሚገባው መቼ ነው? ባርባራ ሊስኮቭ እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረበችውን መርሕ አስረዳ። ወላጁ የገባውን ቃል ልጁ ማፍረስ የለበትም፤ ወላጁ በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ልጁ ቢተካ ፕሮግራሙ ሳይናጋ መቀጠል አለበት። ካሬ በጂኦሜትሪ የሬክታንግል ዓይነት ቢሆንም፣ ሬክታንግሉ ጎኖቹን ለየብቻ መለወጥ እንደሚቻል ቃል ከገባ ካሬው ያን ቃል ይሰብራል። መልስ 23 የ2 ራሱ ነው፤ አመስግኖ የራሱን ምሳሌ ጨመረ፤ ከካሬው ይበልጥ የገባኝም ይኸው ነው። በጅማ እንጨት ሥራ ቤቶች ሰው የሚቀመጥበት በርጩማ አለ፤ ለጌጥ ተቀርጾ ለእንግዳ የሚሸጥ ከመዳፍ የማይበልጥ በርጩማም አለ። ቅርጹም ስሙም አንድ ነው። በርጩማ የገባው ቃል ግን ተቀመጡብኝ የሚል ነው፤ ጌጡ ይህን ቃል መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ በስም ዘመድ ቢሆንም ከበርጩማ ሊወርስ አይገባውም። ክላስን በስሙ ሳይሆን በቃሉ መመዘን ይሉሃል ይህ ነው።

መልስ 24 ስለ ቋንቋ ነው። ኢንሄሪታንስን ውርስ ብለን መተርጎማችን ተማሪን እንደሚያሳስት ጻፈ፤ በእኛ ዘንድ ልጅ የሚወርሰው ወላጅ ሲሞት ነው፤ በፕሮግራም ውስጥ ግን ወላጁ በሕይወት አለ፤ ወላጁ ዛሬ ቢለወጥ ልጁም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ተማሪው ወላጁን ሲነካ ልጆቹ ይናጋሉ ብሎ አያስብም። ለአማርኛውም ለአፋን ኦሮሞውም ተስማሚ ቃል እንድንፈልግ ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት የለም፤ ሊመለስለት የሚገባ ጥያቄ ነው።

መልስ 25 ላይ 11 ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ስድቡን ግን ትቶታል። የ15ን መፍትሔ አንብቦ አንድ ከባድ ጥያቄ አቀረበ። የሦስት ገበሬዎች እሸት በአንድ አልጋ ላይ ተቀላቅሎ ቢሰጣ ጀንፈል የሚሆነው የትኛው ርክክብ ነው? ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ብቻ ስለሚሰጥ መጨረሻ ላይ የሚመዘነው ኪሎ ከማንኛውም ገበሬ ደረሰኝ ጋር እንደማይገጥምም አከለ። በዚህ ክር ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ ከሥራዬ ጋር በጣም የተጠጋው ይህ ነው። እንዴት ከእርሱ እንደመጣ አልገረመኝም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

መልስ 26 የደረሰው ትናንት ማታ ነው። መልስ 8ን የጻፈችው ተማሪ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የ21ን ካርዶች ሠርተው፣ 25 ያቀረበውን መቀላቀል በጠረጴዛ ላይ ተጫውተውት ነበር። ርክክብ የያዘችው ልጅ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እየተጠየቀች ተቸገረች፤ በዚያ ቀን ማን ስንት አመጣ የሚለውንና አሁን አልጋው ላይ ያለው ምንድን ነው የሚለውን። የመጀመሪያው መልስ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ለዘላለም አይለወጥም። ሁለተኛው በየቀኑ ይለወጣል። ስለዚህ ካርዱን ለሁለት ከፈሉት። ርክክብ የተፈጸመ ነገር ስለሆነ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ተጻፈ። ክምር የሚል አዲስ ካርድም ወጣ፤ ክምር ከየትኞቹ ርክክቦች እንደተሠራ ያውቃል፤ የሚደርቀው፣ የሚቀሸረው፣ የጥራት ደረጃ የሚወጣለት እርሱ ነው። ክፍያ ሲመጣ ክምሩ የተሸጠበትን ገንዘብ እያንዳንዱ ገበሬ ባስረከበው እሸት ልክ ያካፍላል፤ በመጨረሻ የተመዘነው ኪሎ ከደረሰኙ ጋር መግጠም አያስፈልገውም። የካርዶቹን ፎቶግራፍ አያይዛለች፤ ከካርዶቹ ጎን የስልክ መብራት ይታያል።

ፕሮግራሜን ከፍቼ አየሁ። ርክክብና ክምር እስከ ዛሬ በአንድ ክላስ ውስጥ ናቸው። ለቀማው ጥቅምት ላይ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት እለያቸዋለሁ። ተማሪዋንና ጓደኞቿን ቅዳሜ ከሰዓት ፈረንጅ አራዳ እንድንገናኝ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ካርዶቹን ይዘው እንዲመጡ አደራ ብያለሁ። 11ም ጅማ ካለ ቢመጣ ደስ ይለኛል።